ጠርዝ የማይቆርጠው ጋሽ ሻንካ

ጋሽ ሻንካ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ማርታ ናት። ስትደውል አላለቀሰችም፤ ምናልባት አልቅሳ ጨርሳ ነበር።

«እትዬ ሂሩት፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ። ቀብሩ ነገ ካምባ ነው፤ ከወላጆቹ ጎን። ፎቶውን በትልቁ አሳትመን ይዘን ብንሄድ ብለን ነበር። አንቺ ሲቀላ ያሉትን ማተሚያ ቤቶች ታውቂያቸዋለሽ» አለችኝ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ማሳተሙን ለኔ ተዪው። አንቺ ፎቶውን ብቻ አዘጋጂ» ብያት ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ከኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ድካም ነው። ጋሽ ሻንካ በሕይወት እያለም ሰው ያደክም ነበር። ሐዘኑ የመጣው በኋላ፣ ከቢሮው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ገብቼ ያዘዝኩት ሻይ ሳልነካው ሲቀዘቅዝ ነው።

ያወቅሁት ተመርቄ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር አንዲት ትንሽ የዲዛይን ቢሮ በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። ኮምፒውተር የሥዕል ጠረጴዛን እያባረረ የነበረበት ዘመን ነበር። ቢሮዋ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ያለች ክፍል ናት፤ በመስኮቷ ሐይቁ ይታያል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ ሐይቅ የሚያሳይ አልነበረም። አለቃችን ኢንጂነር ፍሬው ነው። እኔና ሳምሶን የሚባል ንድፍ የሚሥል ድራፍትስማን በኮምፒውተር እንሠራለን። በጥጉ ባለው ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጋሽ ሻንካ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይሥላል። ያን ጊዜም ፀጉሩ ሸብቶ ነበር።

መስመር ከማስመሩ በፊት ወረቀቱን እፍ ይላል፤ አቧራ ኖረም አልኖረም። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ አውራ ጣቱን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ያስኬደዋል፤ ሸማ ገዢ ጥለቱን እንደሚዳስሰው ዓይነት። ይህን ሳያደርግ ሥዕል ለማንም አያስረክብም። ሳምሶን ከኋላው ቆሞ እያስመሰለው ያስቀን ነበር። ጋሽ ሻንካ ያውቅ ነበር፤ አይቆጣም፣ አይስቅምም።

ስለ ጠርዝ ያለውን ነገር ለመረዳት ስለ ሥራችን ጥቂት መናገር አለብኝ። በዚያን ጊዜ በከተማው የንድፍ ፕሮግራም ገዝቶ የሚሠራ ሰው አላውቅም። ሁላችንም የምንሠራው በሲዲ፣ በኋላም በፍላሽ ከአዲስ አበባ በሚመጣልን ክራክ፣ ማለትም ቁልፉ በተሰበረ ፕሮግራም ነበር። አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ ስርቆት ብሎ የሚጠራው ሰው ቢመጣ እንስቅበት ነበር። ሌላው መንገድ የተማሪ ፕሮግራም ነው። ተማሪ ለሆነ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ ግን ማሰሪያ አለው። ለመማሪያ እንጂ ለገበያ ሥራ አይፈቀድም። ደግሞም በሱ የተሠራ ሥዕል ሲታተም በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ «ይህ በተማሪ ፕሮግራም የተሠራ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አብሮ ይወጣል። ዋተርማርክ የሚሉት ነው፤ እኛ «ማኅተሙ» እንለው ነበር።

ለማኅተሙም መድኃኒት ተገኝቶለት ነበር። ሲቀላ ኤፍሬም ማተሚያ ቤት ውስጥ ረጅም የብረት ማስመሪያና ምላጭ አለ። ሥዕሉ ከትልቁ ማተሚያ፣ ከፕሎተሩ እንደወጣ ኤፍሬም ቀና ሳይል «ጠርዙን ልቁረጠው?» ይላል። ደንበኛው ራሱን ይነቀንቃል። ሽው፣ ሽው፣ ሽው፣ ሽው፤ በቃ፣ የተማሪ የነበረው ሥዕል የባለሙያ ሆነ። የተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ በሚታተምበት ሰሞን የማተሚያ ቤቱ ወለል በቁራጭ ወረቀት ይሸፈን ነበር።

ጋሽ ሻንካ ክራኩን ነክቶት አያውቅም። ኮምፒውተር የግድ ሲመጣ ኮሌጅ ሄዶ በማታው ክፍለ ጊዜ ድራፍቲንግ ተመዘገበ፤ በተማሪ መታወቂያውም ፕሮግራሙን በሕጉ መሠረት አወጣ። አንድ ቀን የኮሌጅ የቤት ሥራውን ሊያሳትም ሲወርድ እኔም ጉዳይ ነበረኝና በሚኒባስ አብረን ወረድን። ሥዕሉ ወጣ። ኤፍሬም ምላጩን አነሳ።

«ጋሽ ሻንካ፣ ጠርዙን ልቁረጠው?»

«አትንካው።»

«ኧረ ያስጠላል! ቆንጆ ሥዕል ላይ ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ስማ ኤፍሬም። ካምባ የአባቴን መሬት ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ረድፍ ተክል ነው። ያንን ተክል ነቅሎ ወደ ሰው መሬት የገፋ፣ እኛ ጋ ጎሜ አለበት ይባላል። ማንም ባያየው ከብቱ ይታመማል፣ እህሉ ይከዳዋል ይላሉ።»

«አንተ ኦርቶዶክስ አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በጎሜ አላምንም» አለና አውራ ጣቱን በጽሑፉ ላይ አስኬደው። «ጠርዝ ግን አልቆርጥም።»

ማኅተሙን አለመቁረጡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ለገበያ ሥራ አይፈቀድም» የሚለውንም ቃል በቃል ያዘው። ስለዚህ ለደመወዙ በእጁ ይሥላል፤ በኮምፒውተር የሠራውን ግን ለማንም በነጻ ይሰጣል። ይህን የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። የአጥር፣ የኩሽና፣ የሽንት ቤት፣ የኪራይ ሰርቪስ ንድፍ የሚፈልግ ሁሉ ቤቱ ይሰለፍ ጀመር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ነው። ጠርዙን ግን ከፊታቸው ያሳያቸውና «የተማሪ ሥራ ነው፤ መሐንዲስ ይየው» ይላቸዋል። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ኤፍሬም ጋ አስቆርጠው ይሠሩበታል።

«ለምን አታስከፍላቸውም? ቢያንስ የድካምህን» አልኩት አንድ ጊዜ ምሳ ላይ። ከቤት የመጣለትን የበቆሎ ዱቄት ኩርኩፋ ከሃላኮ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር እየበላ ነበር።

«ሂሩት፣ በሬ የሌለውን ሰው ጎረቤቱ 'ውሰድና እረስበት' ብሎ በሬውን ያውሰዋል። ያዋሱህን በሬ ገበያ ይዘህ አትወጣም።»

«በሬው እኮ የጎረቤት አይደለም ጋሽ ሻንካ። የባሕር ማዶ ኩባንያ ነው። አንተንም አያውቅህ፣ አርባ ምንጭንም አያውቃት።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ፤ አሁንም እያኘከ። ከሱ ጋር የሚደረግ ክርክር መጨረሻው ይሄው ነው፤ ተሸንፎ አይደለም የሚቆመው፣ አሸንፎም አይደለም፤ መብላቱን ይቀጥላል።

ባለቤቱ እትዬ ዘውዴ ለዚህ ያላት ቃል አጭር ነው። «የሰው ባል ሰርቆ ያበላል፤ የኔው ሳይሰርቅ ያስርበኛል» ትላለች። እንዲህ እያለችም ለነጻ ደንበኞቹ ቡና ስታቀርብ አይቻታለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የዲፕሎማው ነገር ነው። ጋሽ ሻንካ የኮሌጁን ትምህርት ጨርሷል፤ ከአንድ ኮርስ በቀር። ኮርሱ ኢንተርፕረነርሺፕ ይባላል፤ ንግድ እንዴት እንደሚጀመር የሚያስተምር ነው። ይመዘገባል፣ ጥቂት ይማራል፣ ከፈተና በፊት ያቋርጠዋል። በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ይመዘገባል። ሬጅስትራሯ እስኪሰለቻት ድረስ እንዲህ ኖረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከጨረሰ ተማሪነቱ ያበቃል፣ ተማሪ ካልሆነ ደግሞ የተማሪውን ፕሮግራም መተው አለበት። ሳምሶን ስም አወጣለት፤ «ዘላለም ተማሪ»።

እየቆየ በእጅ የተሠራ ሥዕል የሚቀበል ደንበኛ ጠፋ። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሥራ እየሳሳ ሄደ። ኢንጂነር ፍሬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተጨነቀ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሁላችንም ባለንበት ጠራው።

«ጋሽ ሻንካ፣ አንተን ማሰናበት አልፈልግም። ግን የቢሮው ፈቃድ ሲታደስ ዲፕሎማ ያለው ድራፍትስማን ይጠይቁኛል። አንድ ኮርስ ነው የቀረህ። ጨርሰህ እንደ ሰው በቢሮው ኮምፒውተር ሥራ። ካልሆነ የማስቀምጥህ ወንበር የለኝም።»

«ከጨረስኩ ፕሮግራሙን መመለስ አለብኝ።»

«ለማን ነው የምትመልሰው? ማን ይጠይቅሃል?»

«ማንም አይጠይቀኝም» አለ ጋሽ ሻንካ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ እንደሆነ አድርጎ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሩ በቀጭን ክር እንደተንጠለጠለ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ዘውዴ ቢሮ ድረስ መጥታ «እባክሽ ልጄ፣ አንቺን ይሰማል፤ ምከሪልኝ። ማርታ ገና ሁለተኛ ደረጃ ናት» አለችኝ። መከርኩት። «እሺ» አለኝ። የሱ እሺ ማለት ሰምቼሻለሁ ማለት ብቻ ነው።

ከወንበሩ የሚያወርደው ቀን በቀረበበት ሰሞን አንድ ትልቅ ሥራ መጣልን። አንድ ረጂ ድርጅት ካምባ ውስጥ ትምህርት ቤት ሊያሠራ ፈልጎ ንድፉን ለኛ ሊሰጠን ተስማማ። ቦታው ዳገት ስለሆነ በላይኛውና በታችኛው ክፍሎች መካከል ረጅም ደረጃ ያስፈልጋል። ጋሽ ሻንካ ያን ዳገት ያውቀዋል፤ በልጅነቱ ክረምት ክረምት በቂጡ እየተንሸራተተ የወረደበት ነው። ደረጃውን እኔ ልሥራ አለ። ለትንንሽ እግር የሚሆን ዝቅ ዝቅ ያለ እርከን፣ በየመካከሉ ማረፊያ ያለው ደረጃ በእጁ ሥሎ ሰጠን። በዚያን ሳምንት ደስ ብሎት ሲያፏጭ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከችኮላ ነው። እኛ ጋ በር፣ መስኮት፣ ዛፍ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ሳይቀር እንደ አዲስ የሚሥል የለም፤ ከዚህም ከዚያም ፋይል ቀድቶ መለጠፍ ነው። ሳምሶን የጋሽ ሻንካን የእጅ ሥዕል ወደ ኮምፒውተር ከመገልበጥ ይህ ይቀላል ብሎ፣ ጋሽ ሻንካ ያንኑ ደረጃ ቀደም ሲል ለኮሌጅ የቤት ሥራ ሠርቶ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ትቶት ስለነበር አንሥቶ ለጠፈው። የተማሪ ፕሮግራም ሥራ ደግሞ እንደ ጉንፋን ይጋባል፤ አንዲት ደረጃ የገባችበት ሥዕል ሁሉ ማኅተም ያወጣል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ የተማሪ ሥራ ሆኖ ታተመ። ኤፍሬም ጠርዙን ቆረጠው፤ አስረከብን። ከወረቀቱ ጋር ግን ሲዲ ነበር፤ ሲዲን ምላጭ አይቆርጠውም። ድርጅቱ ጋ ሲከፈት ገና ከመጀመሪያው «ይህ በተማሪ ፕሮግራም የተሠራ ነው» ብሎ አስጠነቀቃቸው። መሐንዲሳቸው ከአዲስ አበባ ልትመጣ ነው ተባለ።

በመጣችበት ጠዋት ኢንጂነር ፍሬው ጋሽ ሻንካን ወደ በረንዳው ወሰደው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

«ስለ ደረጃው ከጠየቀችህ 'በእጄ ነው የሣልኩት' በላት። ውሸት አይደለም፤ በእጅህም ሥለኸዋል።»

«ሥያለሁ።»

«በቃ፤ ከዚያ በላይ አትናገር። ይህ ሥራ ከተሳካልን የዲፕሎማውንም ነገር እንረሳዋለን። ወንበርህ ላይ ጡረታህ ድረስ ትቀመጣለህ።»

«እሺ» አለ ጋሽ ሻንካ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሺታውን አውቀዋለሁና።

መሐንዲሷ ወጣት ናት፤ ከረጅም መንገድ የመጣች፣ የደከማት። ሥዕሎቹን ዘረጋች፤ ትህትና ባለው ድምፅ ጠየቀች። «ይሄን ደረጃ የሠራው ማን ነው? ጥሩ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

«በምን ሠሩት?»

ጋሽ ሻንካ አውራ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደ። ፍሬው ዓይኑን ከሱ ላይ አላነሳም። ሳምሶን ለሠርጉ የቆረጠው ቀን በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

«በእጄም ሥየዋለሁ» አለ። «እርስዎ ሲዲ ውስጥ ያዩት ግን እሱ አይደለም። ያ የኮሌጅ የቤት ሥራዬ ነው።»

«የምን የቤት ሥራ?»

ከደረት ኪሱ የተማሪ መታወቂያውን አውጥቶ አስቀመጠላት። ፎቶውን አየች፣ ሽበቱን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። ሊያስቃት የነበረ ይመስለኛል።

«የቀረው ሕንፃስ በምን ተሠራ?»

«የቀረውን እኔ አልሠራሁም። የራሴን ነው የጠየቁኝ፤ የራሴን መለስኩ።»

ክፍሉ ውስጥ የፈቃድ ወረቀት ያለው ፕሮግራም የጋሽ ሻንካ ብቻ ነበር፤ እሱም ለዚህ ሥራ የማይፈቀደው። መሐንዲሷ ሲዲውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «በእጅ ልድገመው፤ ሙሉውን» አላት ጋሽ ሻንካ። «በእጅ የተሠራ አንቀበልም አባት» አለችውና፣ እንደ ማዘን ብላ፣ ተሰናብታን ወጣች። ሥራው ለሌላ ቢሮ ተሰጠ።

ሳምሶን መኪናዋ እስክትርቅ አልጠበቀም። «ጋሽ ሻንካ፣ እንግዲህ ገነት ገባህ አይደል? እኛን ግን በር ላይ ጥለኸን ነው የገባኸው!» ብሎ ጮኸበት። ጋሽ ሻንካ «አዎ» ብቻ አለ። ብዕሮቹን አንድ በአንድ ጠራርጎ በጨርቅ ጠቀለላቸው፤ ማንም ውጣ ሳይለው ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስገብቶ ወጣ። እኔም ተናድጄበት ነበር። ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አላውቅም። የሳምሶን ሠርግ ተላልፎ ተላልፎ በኋላ በትንሹ ተደገሰ፤ ይህንንም ጋሽ ሻንካ ያውቅ ነበር፤ ሠርጉ ላይ ከሩቅ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ነው የሠራው። ለእንጀራው የሱቅ ምልክት ይጽፋል፣ የመሬት ንድፍ በእጁ ይሥላል። በኮምፒውተር የሚሠራው እንደ ድሮው በነጻ ነው። እትዬ ዘውዴ ሙዝ ከምዕራብ ዓባያ እያስመጣች መቸርቸር ጀመረች። ቤታቸው ስሄድ ሙዝ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም፤ አልፈልግም ብል ትቆጣኛለች።

ትምህርት ቤቱ ተሠራ። የከተማው ቢሮዎች ፋይል ስለሚዋዋሱ የጋሽ ሻንካ ደረጃ ዞሮ ዞሮ ሥራውን ያገኙት ሰዎች ጋ ደርሶ ኖሯል። ማኅተሙን ምን እንዳደረጉት እግዜር ይወቅ። ጋሽ ሻንካ ሰምቶ ካምባ ድረስ ሄዶ አየው። ሲመለስ ቢሮ ብቅ አለ።

«የኔው ነው» አለኝ። «ማረፊያውም፣ ከፍታውም። የመጀመሪያውን እርከን ግን አበላሽተውታል፤ መሬቱን ቆፍረው ትተውት ከፍ ብሏል። ትንንሾቹ በጉልበታቸው ነው የሚወጡት።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ከሥሩ አስቀመጥኩለት።»

ስሜ አልተጻፈበትም አላለም፤ ሰረቁኝም አላለም። ስለዚያች እርከን ግን ለዓመታት ሲነጫነጭ ኖረ። እኔም ለዓመታት ሰማሁት።

የመጨረሻው ነገር የመጣው ባላሰብነው በኩል ነው። ማርታ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር፤ የአባቷ ፕሮግራም ጊዜው ሲያልፍ በራሱ መታወቂያ አዲሱን የተማሪ ፕሮግራም ጫነችለት። የአንድ ጎረቤት ኩሽና ሥሎ ሊያሳትም ሲመጣ እኔም ኤፍሬም ጋ ነበርኩ። ሥዕሉ ወጣ። ኤፍሬም በልማዱ ምላጩን አንስቶ ወረቀቱን ገለበጠው፤ የሚቆረጥ ነገር የለም። ጋሽ ሻንካ አውራ ጣቱን ዙሪያውን አስኬደ፤ እንደገና አስኬደ።

«የት ሄደ?»

«አዲሱ ላይ ማኅተም አይወጣም አሉ! እንኳን ደስ አለህ ጋሽ ሻንካ፤ ተገላገልክ!» አለ ኤፍሬም።

ጋሽ ሻንካ ደስ አላለውም። አብረን በባጃጅ ስንመለስ ወረቀቱን ጠቅልሎ በጉልበቶቹ መካከል ያዘ።

«ድሮ ወረቀቱ ራሱ ይናገርልኝ ነበር» አለ በኋላ። «አሁን ተክሉን ነቅለውታል። በየሄድኩበት የተማሪ ሥራ ነው፣ የተማሪ ሥራ ነው እያልኩ ልዞር ነው?»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልጨርስ።» ወደ ውጭ እያየ ነበር። «ደክሞኛል ሂሩት።»

በነዚያ ሁሉ ዓመታት እኛን አደከመን እንጂ እሱ ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ልቤ ተነካና «ጎሽ፣ ጨርስ» አልኩት።

እውነትም ኢንተርፕረነርሺፕ ተመዘገበ፤ ለፈተና ሊቀመጥ። በዚያው ሰሞን ሆዱን ያመው ጀመር። ልጠይቀው ስሄድ ሞጁሉ ትራሱ አጠገብ ነበር፤ በመነጽሩ ማቀፊያ ገጹን ምልክት አድርጎበታል።

«'ደንበኛህን እወቅ' የሚለው ላይ ደርሻለሁ» አለኝ። እትዬ ዘውዴ ከጓዳ «እኔ ልንገረው ደንበኞቹን!» ስትል ሦስታችንም ሳቅን። ስወጣ እጄን ያዝ አድርጎ «ዘንድሮ እጨርሳለሁ» አለኝ።

ባረፈበት ዕለት ማርታ ፎቶውን በፍላሽ ይዛ ስትመጣ ኤፍሬም ማሽኑን አሙቆ ጠበቀን። ፎቶው መታወቂያው ላይ ያለው ነው፤ አጉልታዋለች፣ ከጀርባው ሐይቁን አስገብታበታለች፣ ከላይ ስሙን ጽፋለች። የሠራችው በዩኒቨርሲቲ በሚሰጣቸው የነጻ የፎቶ ፕሮግራም ነው። ባነሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሽበቱ፣ ግንባሩ፣ ያ ዝም ያለ አፉ። በመጨረሻ የታችኛው ጠርዝ ወጣ፤ በትንንሽ ፊደል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የተማሪ ሥራ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ።

ኤፍሬም ማስመሪያውን አስደገፈ፤ ምላጩን አነሳ። «ጠርዙን ልቁረጠ…» ብሎ የራሱን ድምፅ ሰማ። ማርታን አየ፤ እኔን አየ። ምላጩን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ባነሩን ይጠቀልል ጀመር።

በማግሥቱ ካምባ ስንደርስ መንገዳችን በትምህርት ቤቱ በኩል ነበር። ድንጋዩ ከደረጃው ሥር አለ፤ በልጆች እግር ተልጎ ያብረቀርቃል። ከቀብር መልስ ባነሩ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ። ታላቅ ወንድሙ አቶ ኦይቻ ከደጋ ወርደው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ማንበብ አይችሉም። በከዘራቸው ተደግፈው ወንድማቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ ከዘራውን ወደ ታችኛው ጠርዝ ዘረጉት።

«ይሄ ከሥር ያለው ምን ይላል?»

«የተማሪ ሥራ ነው ይላል፣ አባባ» አለች ማርታ።

«ሻንካ ተማሪ ነበር? በዚህ ዕድሜው?»

«አዎ፣ አባባ። አንድ ትምህርት ቀርቶት ነበር። ዘንድሮ ሊጨርስ ነበር።»

ሽማግሌው ይህንን አሰቡበት። አንገታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ።

«እንግዲያው ሳይጨርስ ነዋ የሞተው» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

እኔም ያኔ አለቀስኩ።